የ«ነጠላ» ሰባተኛ ዘፈን

ጀዋሂር ያን ዓርብ ጠዋት ሱቁን ከወትሮው ቀድማ ከፈተች። ሞጣ ገበያ ውስጥ፣ ከጨርቅ ቤቶቹ መስመር፣ ከበሩ በላይ «ሐጂ አብዱሰመድና ቤተሰቡ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ሱቅ ነው። ሐጂ አብዱሰመድ አባቷ ናቸው፤ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅቷ ጨርቅ ትዘረጋለች፣ ትለካለች፣ ታጥፋለች፤ ጆሮዋ ግን ማዶ ካለው ሞባይል ቤት ነበር። ዛሬ የሙሂዲን አልበም ይወጣል። የመጀመሪያው፣ ለብቻው የሠራው፣ «ነጠላ» ብሎ የሰየመው አልበም። አንዲት ደንበኛ አራት ክንድ አቡጀዲ ብትጠይቃት አምስት ቆረጠችላት፤ ሴትዮዋም እንዳላየች ሆና ከፍላ ሄደች።

እስቲ አትፍረዱባት። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቀን ነው።

ሙሂዲን የብቸና ሸማኔ ልጅ ነው። አባቱ የሠሩትን ነጠላ በየሳምንቱ ጠቅልሎ ሞጣ ያመጣል፤ የጀዋሂር እናት ወይዘሮ ዘሚራ ጥለቱን አገላብጠው አይተው ይገዙታል። የልጁን ፊት ግን ቀና ብለው አይተውት አያውቁም። ለእሳቸው ሸማኔ ሥራውን የሚገዙት ሰው ነው፤ ልጅ የሚሰጡት ሰው አይደለም። ከነጠላው እጥፋት መሃል ደብዳቤ እንዳለ ደግሞ በምን ያውቃሉ? የጀዋሂር ስልክ የሱቁ ስልክ ነው፤ እናቷም ታላቅ ወንድሟም እንደደረሱ ያነሱታል። ስለዚህ ሁለቱ በዚህ ዘመን፣ ዓለሙ ሁሉ በጣቱ በሚያወራበት ዘመን፣ በወረቀት ይጻጻፉ ነበር። ሙሂዲን ጥቅሉን ሲያስረክብ አንዴ ቀና ይላል። ያቺን አንዲት አስተያየት ጀዋሂር ሳምንቱን ሙሉ ትኖርባታለች።

ወንድሟ አብዱልሐኪምና ሙሂዲን «ጥማድ» በሚል ስም አብረው ራፕ ሲሠሩ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሙሂዲን ለብቻው አልበም ልሥራ ሲል ትልልቆቹ አሳታሚዎች ዘወር ብለው አላዩትም። እሺ ያለው አምላኩ የሚባል ሰው ብቻ ነው። አምላኩ ብቸና ውስጥ ፎቶ ቤት አለው፤ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል በፍራሽ ስፖንጅ ለብጦ፣ አንድ ማይክ ተክሎ «ቆጥ ሪከርድስ» ብሏታል። ባለቤቱም ቀጂውም አከፋፋዩም እሱ ራሱ ነው። ይኸው አምላኩ አንድ ቀን ሁለቱን ጓደኛሞች ጭማቂ ቤት አስቀምጦ፣ የማያጣላ ራፕ ማንም እንደማይሰማው አስረዳቸው። ተጣልተናል በሉ አላቸው። ሙሂዲን በአልበሙ አብዱልሐኪምን ይሰድበዋል፤ አብዱልሐኪም በወሩ በራሱ ዘፈን ይመልስለታል፤ ሀገር ሲያወራ ይከርማል፤ በመጨረሻ መድረክ ላይ ይታረቃሉ። አብዱልሐኪም ተስማማ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ በእኔና በአንተ ላይ ያሻንን እንበል፣ ቤተሰብ ግን አይነካም አለ። ተጨባበጡ።

ጀዋሂር ይህን ሁሉ ታውቃለች። ወንድሟ የእሷንና የሙሂዲንን ፍቅር ያውቃል፤ እናቷን በብዙ ልመና አለዝቦ እሁድ የሙሂዲን ሽማግሌዎች እንዲመጡ ቀጠሮ ያስያዘው እሱ ነው። ዓርብ አልበሙ፣ እሁድ ሽማግሌዎቹ። ልጅቷ አምስት ክንድ ብትቆርጥ ምን ይደንቃል?

ሦስት ሰዓት ላይ ሞባይል ቤቱ ትልቁን ስፒከር በር ላይ አወጣና ለቀቀው። አንደኛው ዘፈን፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ጀዋሂር እያንዳንዱን ግጥም ከደብዳቤ ላይ ታውቀዋለች፤ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሰባተኛው የስድቡ ዘፈን ነው። ሙሂዲን የአብዱልሐኪምን ጫማ ሰደበ፣ ዜማ አለመቻሉን ሰደበ፣ ተበድሮ የገለበጠውን ባጃጅ አነሣ። ጀዋሂር አፏን በጨርቅ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ይህ መጣ፤

«ሐጂ ይለው ነበር አባትህን ሀገሩ፣
መካን መች አየና፣ መርካቶ ነው ዙሩ።»

ከግጥሙ ቀጥሎ ሳቅ አለ። አጭር፣ ንጹሕ፣ የሙሂዲን ሳቅ። ከሞባይል ቤቱ ደጃፍ የቆሙትም አብረው ሳቁ፤ አንደኛው ግን የሱቁን ሰሌዳ ቀና ብሎ አየና ሳቁን አቋረጠ።

ነገሩ እውነት ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አብዱሰመድ ለሐጅ ብለው የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ይዘው አዲስ አበባ ወረዱ፤ እዚያ አንድ ደላላ ገንዘቡን በልቶ ተሰወረ። ሞጣ ሙሉ ሸኝቷቸዋል፤ እንዴት ይመለሱ? መርካቶ አንዲት ክፍል ተከራይተው ሐጁ እስኪያልቅ ተደበቁ። ከዚያ ተምርና መስገጃ ከዚያው ከመርካቶ ገዝተው ተመለሱ። ከተማው ወጥቶ በመንዙማ ተቀበላቸው፤ «ሐጂ» አላቸው፤ አፋቸውን ሊከፍቱ ሞክረው አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ስለ መካ ሲጠየቁ አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም፤ ሰው ትሕትና መሰለው። ሊሞቱ ሲሉ ለጀዋሂር ብቻ ነገሯትና አቅም ስታገኝ በስማቸው ሌላ ሰው ሐጅ እንድታስደርግላቸው አደራ አሏት። ጀዋሂር አደራው ከብዷት አንድ ቀን ለሙሂዲን ጻፈችለት። እሱም የአልበሙ የመጀመሪያ ፍሬ ለአባትሽ ሐጅ ነው ብሎ መለሰላት። ያንን መልስ ስንት ጊዜ እንዳነበበችው እሷ ናት የምታውቀው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጀዋሂር መቀሷን አስቀመጠች። ንዴት ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። የመጣው እፍረት ነበር፤ አባቷን በገዛ እጇ ራቁታቸውን ገበያ መሃል ያወጣቻቸው መሰላት።

ከጁምዓ በኋላ አብዱልሐኪም ቤት ገብቶ እንደ እብድ ሆነ። የውሸት ጸብ እንደነበረ ለእናቱ ተናዘዘ፤ ቤተሰብ አይነካም ተባብለን ነበር አለ፤ ይህን ውሸት ከየት አመጣው እያለ ግድግዳውን በጡጫ መታ። ለእሱ ውሸት ነው። ወይዘሮ ዘሚራ ተቀምጠው ሰሙት። እሁድ የተቀጠሩት ሽማግሌዎች ይምጡ አሉ፤ ልጁም አብሮ ይምጣና ከሰው ፊት በቁርዓን ይማልልኝ፣ «ዋሽቼ ነው» ይበል፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ይታያል። ጀዋሂር የእናቷን ፊት ማየት ፈራች።

ቅዳሜ ደብረ ወርቅ የታመመች ጓደኛ አለችኝ ብላ ከቤት ወጣች። ሚኒባሱ ጉንደ ወይንን አልፎ፣ ደብረ ወርቅንም አልፎ ብቸና እስኪያወርዳት ድረስ ሾፌሩ «ነጠላ»ን ሁለቴ ከዳር እስከ ዳር አጫወተው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ከኋላ ወንበር «ድገማት» አሉት፤ ደገማት። ጀዋሂር ሻርፗን እስከ አፏ ስባ በመስኮት ታያለች። የማን ልጅ መሆኗን የሚያውቅ ከመኪናው ውስጥ አልነበረም፤ ለዚያ አላህን አመሰገነች።

ሙሂዲን ከአምላኩ ፎቶ ቤት በር ላይ ቆሞ ከሰው ጋር ፎቶ ይነሣ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም፤ ልቧም፣ ያ ከንቱ ልብ፣ አብሮ ደስ አለው። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣ ስፖንጅ ወደተለበጠችው ክፍል አስገባትና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ሰማሽው?» አላት።

መንገድ ላይ ስንት ቃል አዘጋጅታ ነበር። አንዱም አልተገኘም። «ያን ነገር ለማን ነበር የጻፍኩት?» አለችው።

ያኔ ፊቱ ጠቆረ። ቁጭ ብሎ አስረዳት። አምላኩ የመጀመሪያውን ግጥም ሰምቶ፣ ይህ እኮ መኮርኮር ነው፣ በዚህ ማን ተጣልቶ ያውቃል ብሎ ጣለው። ሌላ እንዲያመጣ የሰጠው ጊዜ አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ቢያስብ ቢያስብ የሚናከስ ነገር ጠፋ፤ ከዚያ ያቺ መስመር ሳይጠራት መጣች። ሰው ያምነዋል ብሎ አላሰበም፤ በራፕ ማንም የማንንም አባት እንዳሻው ይላል፣ ሁሉም የፈጠራ ነው ብሎ ያልፈዋል። ደግሞስ እውነቱን ከሁለታችን በቀር ማን ያውቃል አላት።

«እኔ አውቃለሁ» አለች።

«ጀዋሂር፣ እንዲህ ያለች መስመር ለሰው በዕድሜው አንዴ ነው የምትመጣለት። አምላኩ ሲሰማት ከወንበሩ ነው የተነሣ።» ይህን ሲል ዓይኑ ተመልሶ በርቶ ነበር፤ እሷም አየችው። አባቷን እየቀበረ ያለ ሰው ዓይን አይመስልም፤ ሥራው የሰመረለት ሰው ዓይን ነበር።

«ስንት ጊዜ ቀዳኸው?»

አልገባውም።

«ያቺን መስመር። እስክትጥምህ ድረስ ስንት ጊዜ ደጋገምካት?»

አንዴ ቢላት ምን ነበረበት? አንዴ፣ ሳላስበው፣ ከአፌ አምልጦኝ ቢላት ልጅቷ እዚያው አልቅሳ እዚያው ይቅር ትለው ነበር። ሙሂዲን ግን ስለ ሥራው ሲጠየቅ መዋሸት አያውቅበትም።

«አሥራ ሰባት» አላት።

«መጨረሻ ላይ የምትስቀውስ?»

«ሳቁን ለብቻው ነው የቀዳነው።»

ጀዋሂር ከማይኩ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ስህተት ይሁን። ሁለተኛውንም ስህተት እንበለው። አምስተኛው ላይ ግን ስለ ድምፁ ውፍረት እያሰበ ነበር፤ አሥረኛው ላይ ትንፋሹን የት እንደሚውጥ ያስተካክል ነበር፤ አሥራ ሰባት ጊዜ አባቷን መርካቶ አዙሮ፣ ከዚያ ውኃ ጠጥቶ፣ ከዚያ ለመሳቅ ተዘጋጀ። እንዲህ ብላ ስታስበው ልቧ ዝም አለ።

እግሯ ሥር ተንበረከከ። አለቀሰ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ይወዳታል፣ ችግሩም ይኸው ነው። የእናቷን ቃል ስትነግረው ቀና አለ።

«እምላለሁ» አላት። «በቁርዓን እምላለሁ። ዋሽቼ ነው እላለሁ። የአባትሽ ስም ይመለሳል፣ አንቺም የእኔ ትሆኛለሽ።»

እውነት መሆኑን እያወቅህ፣ ቁርዓን ላይ እጅህን ጭነህ፣ አኺራህስ፣ የወዲያኛው ዓለምህስ አለችው። ስለ አንቺ ይቃጠል አላት። አፉ ጣፋጭ ነው፤ ሁሌም ነበር። ልትጠላው መጥታ ነበር፤ ስትመለስ ግን ከብቸና እስከ ሞጣ ያስለቀሳት የአባቷ ስም አልነበረም። የዚያ ሰው ነፍስ ነበረች። ይህንንም ታውቃለች፤ ራሷን ተጸየፈች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ፊት የቆሙት ሼህ አደም ናቸው፤ ከጎናቸው የሙሂዲን አጎትና፣ በሁለቱም ከተማ ቃላቸው የሚከበር የብቸናው ጎረቤት አቶ ገብረ ማርያም። ከኋላቸው ሙሂዲን ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። የሀገሩ ወግ ነው፤ የበደለ ሰው ድንጋዩን ተሸክሞ፣ ተበዳይ «አውርድ» እስኪለው ይቆማል። ወይዘሮ ዘሚራ ሽማግሌዎቹን አስቀመጡ፣ ደኅንነታቸውን ጠየቁ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ልጁን አውርድ አላሉትም። ላቡ ከአገጩ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጀዋሂር ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና ጠብታውን ታያለች።

ሼህ አደም መርቀው ሁለቱንም ነገር አንድ ላይ አነሡ፤ ጥፋቱን ይቅር እንዲሉ፣ ልጃቸውን እንዲሰጡ።

«የልጄ ነገር ይደርሳል» አሉ ወይዘሮ ዘሚራ። «መጀመሪያ ይማልልኝ።»

ቁርዓኑ ወጣ። ያኔ ብቻ ድንጋዩን እንዲያወርድ ፈቀዱለት። ሙሂዲን ደጅ ወጥቶ ለውዱእ ታጥቦ ተመለሰ፤ አብዱልሐኪም ጥግ ተቀምጦ ዓይኑን ከጓደኛው ላይ አልነቀለም፤ ይህች መሐላ ብትፈጸም ወንድምነታቸው እንደሚመለስ ፊቱ ይናገራል። ሁሉም የሚፈልገው ያንኑ ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ ወንድሟ፣ እናቷ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ተብላ ታልቅና አብዱሰመድ መልሰው ሐጂ ይሆናሉ፤ እሷም ትዳራለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ሙሂዲን እጁን ዘረጋ። ጀዋሂር መጋረጃውን ገለጠች።

«አይማል» አለች።

ሼህ አደም ቁርዓኑን ወደ ደረታቸው መለሱ።

«በሐሰት አይማል። እውነት ነው። አባቴ ናቸው የነገሩኝ፤ ለእሱ የጻፍኩለት እኔ ነኝ።»

አብዱልሐኪም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሙሂዲን «ጀዋሂር» ብሎ ጀምሮ ተወው። አቶ ገብረ ማርያም ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክራሉ። ወይዘሮ ዘሚራ ግን አልደነገጡም፤ ያልደነገጡ መሆናቸውን ያስተዋለችው ጀዋሂር ብቻ ናት።

«አውቅ ነበር» አሉ እናቷ።

ድምፃቸው የጨርቅ ዋጋ እንደሚናገሩበት ድምፅ ነበር።

«ኢህራማቸው፣ ያ ነጭ የሐጅ ልብስ፣ እንዳጠፍኩላቸው ታጥፎ ነው የተመለሰው። አንድ እጥፋት አልተፈታም። ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ የተለበሰና ያልተለበሰ ጨርቅ ይጠፋኛል? ውኃ ውስጥ የነከርኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ሁሉ እንዲያየው ሦስት ቀን ደጅ ያሰጣሁት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት አጠገባቸው ተኛሁ፤ እንዳወቅሁ እንኳ ሳያውቁ ነው የሞቱ። አንቺ የቻልሽው አንድ ወንድ እስኪወድሽ ድረስ ብቻ ነው።»

«እማ...»

«ዛሬ ይህ ልጅ ምሎ ቢወጣ ነገሩ ተቀብሮ ይቀር ነበር። ኃጢአቱን እሱና እኔ እንካፈለው ነበር፤ ቆርጬ ነው የጠራሁት። አንቺ ግን ለእሱ ነፍስ ሳሳሽ። ለአባትሽ ስም አልሳሳሽም።»

ሼህ አደም፣ እዚህ የተሰማ እዚህ ይቅር አሉ። ሁሉም «እንዲያ ነው» አለ። እስኪመሽ ብቸና እንደሚደርስ ግን ሁሉም ያውቃል፤ የሙሂዲን አጎት ገና ካሁኑ አፉ አላርፍ ብሎት ከንፈሩን ይልስ ነበር።

ወይዘሮ ዘሚራ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ልጅ ፍለጋ አይደል የመጣችሁ፣ ሰጥቻችኋለሁ አሉ። ለእኔ ምንም አልፈልግም፤ ኒካሁ አሁኑኑ እዚሁ ይታሰርና ይዛችኋት ሂዱ፤ ከዛሬ በኋላ ይህች ልጅ እዚህ ቤት አታድርም። አብዱልሐኪም በአባቷ ቦታ ቆሞ እንዲሰጣት ነገሩት። እሱም ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሣ በታፈነ ድምፅ «ሰጥቻለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ባዶ እጃቸውን ይባረራሉ ብለው ነበር፤ አሁን እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጣቸው ፈጥኖ መቀበል ይሻላል አሉ መሰል፣ ሼህ አደም ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጄ ጀዋሂር፣ ሙሂዲንን ለባልነት ፈቅደሻል?»

ሙሂዲን ቀና ብሎ አያት። ያች በሳምንት አንዴ የምትመጣ አስተያየት ናት፤ ዓይኑ በእንባ ሞልቷል፤ ተስፋም አለበት። ጀዋሂር ግን ያየችው አፉን ነው። ከዚህ አፍ ጋር ልትኖር ነው። ጠዋት ይህ አፍ ደኅና አደርሽ ይላታል፤ ሲስቅ ትሰማዋለች፤ ልጆቿን በዚያው ሳቅ ያጫውታል። አልፈቀድኩም ልትል ፈለገች። ከዚያ ወዴት ትሄዳለች? ከዚህም ሁሉ በላይ የገዛ አንደበቷን ፈራችው። አንዴ በወረቀት ተናገረች፣ አባቷን ሸጠች። አንዴ በዚህ ክፍል ተናገረች፣ ቀበረቻቸው። ሦስተኛ ብትናገር ደግሞ ማን እንደሚሞት አታውቅም።

ሼህ አደም ጠበቁ። ደግመው ጠየቁ። በሃይማኖቱ ደንብ ልጃገረድ ስትጠየቅ ዝም ካለች እሺ እንዳለች ይቆጠራል፤ እሳቸውም በዕድሜያቸው ስንት ዓይነ አፋር ሙሽራ አጋብተዋል። ፈገግ አሉ።

«አፍራ ነው» አሉና ለዱዓ እጃቸውን አነሡ።

ሁሉም እጁን አነሣ፤ ወይዘሮ ዘሚራም አነሡ። ሼሁ ፍቅር እንዲሰጣቸው ለመኑ፣ ልጅ እንዲሰጣቸው ለመኑ፣ አንዳቸውን ለአንዳቸው ልብስ እንዲያደርግ ለመኑ። ሙሂዲን ከሁሉም ጮክ ብሎ «አሚን» አለ። ጀዋሂር ሁለት ዓመት በየሶላቷ የለመነችው ይህንኑ ነበር።